የባንቧ ውኃና የቤት ጤና

በገዳሪፍ፥ በጋላባትና በመተማ በኩል ለሚኖሩ የከተማ ነዋሪዎችና ለሹማምንት የቀረበ ትምህርት

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር መጀመሪያ የተነገረው ስለ ወንዝ ሙላት ነው። መንገደኛው ወንዙ ጸጥ ያለ መስሎት እግሩን ያስገባል፤ እስከ ጕልበቱ፥ ከዚያም እስከ ወገቡ እያለ ይሄድና ሳያስበው ይወሰዳል። በከተማ ኑሮ ግን ይህ አነጋገር በቤት ውስጥ ላለው ኩባያም የሚነገር ሆኗል። ከባንቧ የተቀዳ ውኃ ጠርቶና ቀዝቅዞ፥ መጥፎ ሽታም ሳይኖረው ሲቀርብ የሚጠራጠረው ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በሽታ የሚያመጡ፥ በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ያሉበት ውኃ በመልኩም ሆነ በጣዕሙ ከንጹሑ ውኃ ላይለይ ይችላል።

ባንቧ ለአንድ ከተማ ታላቅ ጸጋ ነው። እናቶችን ከረጅም መንገድ ያሳርፋል፤ ልጆች ወደ ወንዝ መውረዳቸውን ትተው ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ያደርጋል። ነገር ግን ባንቧ የውኃ መንገድ እንጂ የንጽሕና ዋስትና አይደለም። ውኃው ከመነሻው ንጹሕ ሆኖ ቢወጣም በመንገድ ሊበከል፥ ቤት ከገባም በኋላ ሊቈሽሽ ይችላል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን ጕዞ ከወንዙ እስከ ኩባያው ድረስ ተከትሎ፥ በየትኛው ቦታ ምን ዐይነት አደጋ እንዳለና አደጋውን ማን ሊከላከለው እንደሚችል ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ውኃው ከወዴት ይመጣል?

ከጭልጋ ደጋ ወርዶ በመተማ በኩል የሚያልፈው የጓንግ ወንዝ ወደ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ተከዜም ከሑመራ ጀምሮ ሰቲት በሚል ስም ወርዶ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው ዝናብ በገዳሪፍ ቤቶች ይጠጣል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በአጠገቧ ስለሌላት የገዳሪፍ ከተማ ለብዙ ዘመን ውኃዋን ያገኘችው በከፊል በአትባራ ዳር ከምትገኘው ከሸዋክ በረጅም ባንቧ እየተገፋላት፥ በከፊልም ከተቈፈሩ ጕድጓዶች ነው። በ2017 የተመረቀው የላይኛው አትባራና የሰቲት ግድብም ከኤሌክትሪክና ከመስኖ ጋር ለዚህች ከተማ የሚጠጣ ውኃ ማስገኘትን ከዓላማዎቹ እንደ አንዱ አድርጎ የተሠራ ነው። በገጠሩ ደግሞ ሕዝቡ «ሐፊር» በሚባል፥ የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም በተቈፈረ ሰፊ ኩሬ ይጠቀማል። ማሽላና ሰሊጥ ለማረምና ለመሰብሰብ ከኢትዮጵያ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች የሚሻገሩት የቀን ሠራተኞችም ከእርሻው ላይ ሲሰነብቱ ከሐፊር የሚጠጡበት ጊዜ ብዙ ነው።

እነዚህ ወንዞች ክረምት ሲገባ ከደጋው ብዙ ዐፈር ጠርገው ያወርዳሉ። በ1964 የተፈጸመው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ከውኃ መያዣው ብዙው ክፍል በዚህ ደለል መሞላቱ የዐፈሩን ብዛት ያስረዳል። የደለሉ ነገር ለእርሻና ለግድብ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ለጤናም ይነካል። ውኃን ከተሐዋስያን የሚያነጻው ክሎሪን የሚባለው መድኃኒት ውኃው ድፍርስ ሲሆን ኀይሉን በጭቃው ላይ ይጨርሳል፤ ተሐዋስያንም በጭቃው ቅንጣት ውስጥ ተሸሽገው ይተርፋሉ። ስለዚህ ድፍርስ ውኃ አስቀድሞ ሊጠልና ሊጣራ፥ ከዚያም በኋላ ክሎሪን ሊጨመርበት ይገባል። ይህ ሥርዓት ከተጓደለ ከባንቧው የሚወርደው ውኃ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተሸንፏል ማለት ነው።

2. ንጹሑ ውኃ በመንገድ ላይ እንዴት ይበከላል?

ውኃው በሚገባ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ወጣ እንበል። ከተጨመረው ክሎሪን ጥቂቱ ሳይጠፋ በውኃው ውስጥ ይቀራል፤ ይህም ተራፊ ክሎሪን ይባላል። ተራፊው ክሎሪን ከውኃው ጋር እንደሚጓዝ ዘበኛ ነው። በመንገድ ላይ ጥቂት ቈሻሻ ቢገባ ይቋቋመዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚመክረው ውኃው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ቦታ በአንድ ሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ተራፊ ክሎሪን ሊገኝበት ይገባል። መንገዱ ሲረዝምና ሙቀቱ ሲበረታ ግን ይህ ዘበኛ እየደከመ ይሄዳል። ሚያዝያና ግንቦት በገዳሪፍ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሞቅበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ከማጣሪያው ሲወጣ በቂ የነበረው ክሎሪን በከተማው ዳር ባለው ባንቧ ላይ ጨርሶ ሊታጣ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ ከመሬቱ ይመጣል። የገዳሪፍ፥ የጋላባትና የመተማ ሜዳ በብዛት ዋልካ ዐፈር ነው። ዋልካ በበጋ ይደርቅና ሰው እጁን የሚያስገባበት ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ይህ የመሬት መላወስ በውስጡ የተቀበረውን ባንቧ ይገፋዋል፥ ያጣምመዋል፥ መጋጠሚያውንም ያላላዋል። ውኃው በኀይል እየተገፋ ሲያልፍ በላላው በኩል ወደ ውጭ ስለሚፈስ ብዙ ጕዳት አይታይም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ወይም ውኃ በፈረቃ ሲሰጥ የባንቧው ግፊት ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ነገሩ ይገለበጥና በዙሪያው ያለው የጭቃ ውኃ፥ የሽንት ቤት ፍሳሽም ጭምር፥ ባዶ ወደ ሆነው ባንቧ ይገባል። ውኃው ተመልሶ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚወርደው ይኸው ነው። ስለዚህ ተቋርጦ የመጣን ውኃ ወዲያው ቀድቶ መጠጣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጥቂት ጊዜ አፍስሶ፥ የፈሰሰውንም ለጽዳት ሥራ አውሎ፥ ለመጠጥ የሚቀዳውን ማከም ይገባል።

ሦስተኛው አደጋ ባንቧ ባልደረሰበት ሠፈር ነው። በዚያ ውኃው በአህያ ጋሪ ላይ በተጫነ በርሜል እየዞረ ይሸጣል። በርሜሉ መቼ እንደ ታጠበ፥ ከወዴትስ እንደ ተሞላ ገዢው አያውቅም። ከንጹሕ ቦኖ የተቀዳ ውኃ ባልታጠበ በርሜል ከተጓዘ ቦኖው ንጹሕ መሆኑ ለጠጪው ምንም አይጠቅመውም።

አራተኛው አደጋ በቤት ውስጥ ነው። በሱዳን በኩል ውኃው «ዚር» በሚባለው የሸክላ ጋን፥ በኢትዮጵያ በኩል በእንስራና በጀሪካን ይቀመጣል። ሸክላው ውኃውን ጥቂት በጥቂት እያላበ ስለሚያቀዘቅዘው ለቈላው አገር የተስማማ ጥበብ ነው። ነገር ግን አፉ ሰፊ ስለ ሆነ ልጅም እንግዳም ኩባያውን ከእነ እጁ ይነክርበታል። ለመንገደኛ ተብሎ በየደጁ የሚቀመጠው ዚርም የደግነት ሥራ ሆኖ ሳለ፥ አንድ ኩባያ ለሁሉ ሲያገለግል የአንዱን በሽታ ለብዙዎች ሊያካፍል ይችላል። ደግነቱን መተው አያስፈልግም። ዚሩን በክዳን መሸፈንና በረጅም እጀታ ጭልፋ መቅዳት፥ ቢቻልም ከታች መክፈቻ እንዲኖረው ማድረግ ይበቃል።

3. የሁለት ጎረቤት ከተሞች ምሳሌ

ከላይ የተነገረው ነገር በመላምት የቀረ አይደለም። በ1892 በጀርመን አገር የተፈጸመው ታሪክ ዛሬም ለየከተማው አስተዳደር ትምህርት ይሆናል። ሐምቡርግና አልቶና የሚባሉት ሁለት ከተሞች በኤልበ ወንዝ ዳር ተያይዘው የተሠሩ፥ ወሰናቸው በመንገድ መካከል የሚያልፍ፥ አስተዳደራቸው ግን የተለያየ ነበር። ሁለቱም የሚጠጡት ያንኑ ወንዝ ነው። እንዲያውም አልቶና ውኃዋን የምትቀዳው የሐምቡርግ ፍሳሽ ወደ ወንዙ ከሚገባበት ቦታ በታች ስለ ነበረ የባሰው ውኃ የሚደርሳት እርሷ ነበረች። ነገር ግን አልቶና ውኃውን በአሸዋ ማጣሪያ አሳልፋ ታጠጣ ነበር፤ ሀብታሟ ሐምቡርግ ግን ማጣሪያውን ለመሥራት ስትዘገይ የወንዙን ውኃ ሳይጣራ በባንቧ ትሰጥ ነበር።

በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ኮሌራ ሲገባ በሐምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአልቶና ግን የደረሰው ጕዳት ከሐምቡርግ እጅግ ያነሰ ነበር። አንድ መንገድ ለሁለት ተከፍሎ በወዲያኛው ወገን ሬሳ ሲወጣ በወዲህኛው ወገን ሰው በሰላም ያድር ነበር። በሐምቡርግ ክልል ውስጥ ሆኖ ውኃውን ከአልቶና የሚቀበል አንድ ግቢ ነበረ፤ በዚያ ግቢ በሽታው አልታየም። የኮሌራን ተሐዋስያን ቀደም ብሎ በ1884 ለይቶ ያስታወቀው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ነገሩን መርምሮ፥ ልዩነቱ ማጣሪያው መሆኑን አስረዳ። የሐምቡርግ ሹማምንት ሌላም ስሕተት ነበረባቸው። ንግዳችን ይጐዳል፥ መርከቦቻችንም ይታገዳሉ ብለው የበሽታውን መግባት ለሕዝብ ሳያስታውቁ ብዙ ቀን አሳለፉ። በነዚያ ቀናት ሕዝቡ ውኃውን ሳያፈላ ሲጠጣ ሰነበተ። ከተማይቱ ማጣሪያውን ሥራ ያስጀመረችው በሚቀጥለው ዓመት፥ ከሞቱ በኋላ ነው።

መተማና ጋላባትም አንዲት ትንሽ ወንዝና አንድ ድልድይ የሚለያቸው ሁለት ጎረቤት ከተሞች ናቸው። ሰው፥ ሸቀጥና ውኃ የያዘ ጀሪካን ሲሻገሩ በሽታም ይሻገራል። ንጽሕናም እንዲሁ ሊሻገር ይችላል።

4. በጠረፉ አገር የታየው

ይህ የጠረፍ አገር የውኃን ጉዳይ በብዙ ኀዘን ያውቀዋል። በ1984ና በ1985 በረኀቡና በጦርነቱ ምክንያት ከኢትዮጵያ የተሰደደው ብዙ ሕዝብ በኡም ራኩባ፥ በተዋዋ፥ በወድ ኮውሊና በሌሎችም ሠፈሮች ተጠግቶ ነበር። ከረኀቡ አምልጦ ከሠፈር ከደረሰ በኋላ በተቅማጥና በኩፍኝ የሞተው ብዙ ነው። በኅዳር 2020 ኡም ራኩባ እንደገና ተከፍቶ ከትግራይ የመጡትን ስደተኞች ተቀበለ፤ በ2021 መጀመሪያም የቱነይድባ ሠፈር ተከፈተ። በዚያው ዓመት በሠፈሮቹ ሄፓታይተስ ኢ የሚባለው የጉበት በሽታ ታየ። ይህ በሽታ በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ ሲሆን በብዙ ሰዎች ላይ ቀላል ሆኖ ያልፋል። በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት ባሉ እናቶች ላይ ግን እስከ 20 ወይም 25 ከመቶ የሚደርሱትን ይገድላል። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት የሚጠጣውን ውኃ ማፍላት ግዴታ ሊሆን የሚገባው ስለዚህ ነው።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የስደቱ መንገድ ተገለበጠ። ይህን ጊዜ ከካርቱምና ከሌላውም ክፍል የሚሸሸው ሕዝብ በጋላባት አልፎ ወደ መተማ ገባ። በዚያው ዓመት በመተማ አጠገብ በነበረው በኩመር የስደተኞች ሠፈር ኮሌራ ተነሣ። በነሐሴ 2024 ደግሞ የሱዳን የጤና ሚኒስቴር ኮሌራ በአገሩ መግባቱን ዐወጀ፤ ከሰላና ገዳሪፍ በመጀመሪያ ከተጐዱት ክፍሎች ውስጥ ነበሩ። ከጦርነቱ የሸሸ ብዙ ሕዝብ በገዳሪፍ ተጠግቶ ስለ ነበረ፥ ለጥቂት ሕዝብ የተሠራው የውኃ መስመርና የሽንት ቤት ለብዙ ሕዝብ ሊበቃ አልቻለም። እስከ ነሐሴ 2025 ድረስ በመላው ሱዳን ወደ 100,000 የሚጠጉ በኮሌራ የተጠረጠሩ ሕሙማንና ከ2,400 የሚበልጡ ሟቾች ተቈጥረዋል። በግንቦት 2025 በካርቱም የሕሙማኑ ቍጥር በድንገት የጨመረው የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ተመትተው የውኃ መግፊያዎችና ማጣሪያዎች በቆሙበት ጊዜ ነው። መብራት ሲጠፋ ውኃ ይቋረጣል፤ ውኃ ሲቋረጥ ሰው ያገኘውን ይጠጣል፤ በሽታም ይከተላል።

5. በየቤቱ ሊደረግ የሚገባው

አባወራና እመቤት ማጣሪያ ጣቢያውን ሊያዝዙ አይችሉም። ቤታቸው ውስጥ የገባውን ውኃ ግን ሊያዝዙት ይችላሉ። የሚከተሉት ነገሮች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው።

ሀ. ማጥለል። ድፍርስ ውኃ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ እስኪጠራ ይቀመጥ። በሱዳን ያሉ እናቶች የወንዝ ውኃ የሚያጠሩበት የቈየ ጥበብ አላቸው። ሳሚያ አል አዝሃሪያ ጃን የተባሉ ተመራማሪ ይህን ጥበብ አጥንተው፥ የሞሪንጋ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲማሰል ጭቃውን ሰብስቦ ወደ ታች እንደሚያወርድ ገልጸዋል። በኢትዮጵያ ሽፈራው የሚባለው ዛፍ የዚሁ ወገን ነው። ይሁን እንጂ የጠራ ውኃ ሁሉ የነጻ አይደለም፤ ከጠራ በኋላም መታከም አለበት።

ለ. ማፍላት። ውኃው ተንፈቅፍቆ ሲፈላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። እንደ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይቈይ። የፈላውን ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ሳይገለብጡ እዚያው ከድኖ ማቀዝቀዝ ይሻላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ማፍላት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የከሰሉ ጢስ ሳይሸትት የተኛን ሰው ይገድላል።

ሐ. ክሎሪን መጨመር። ለዚሁ የተሠራ መድኃኒት፥ ለምሳሌ በኢትዮጵያ «ውኃ አጋር» በሚል ስም ሲሸጥ የቈየው፥ በመያዣው ላይ እንደ ተጻፈው ይለካ። ይህ ካልተገኘ፥ ሽቶ ያልገባበትና ኀይሉ 5 ከመቶ ያህል መሆኑ የተጻፈበት በረኪና ለአንድ ሊትር ጥሩ ውኃ 2 ጠብታ፥ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ይጨመርና ተነቅንቆ 30 ደቂቃ ይቈይ። በረኪና በሙቀትና በብርሃን ኀይሉን ስለሚያጣ በጥላ ይቀመጥ፤ ብዙ ወር የቈየውም አይታመን። ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር ማደባለቅ መርዘኛ ጢስ ያወጣል።

መ. ፀሐይ። እንጨትና ከሰል በተወደደበት ጊዜ፥ የጠራውን ውኃ እስከ 2 ሊትር በሚይዝ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለ6 ሰዓት በብርቱ ፀሐይ ማስተኛት ተሐዋስያንን ይገድላል። ደመና በበዛበት ቀን ሁለት ቀን ይቈይ። የገዳሪፍ ፀሐይ ብዙ ጊዜ ትከብዳለች፤ በዚህ ሥራ ግን ታገለግላለች።

ሠ. የመርዝ ዕቃ። የሰሊጥና የማሽላ እርሻ በበዛበት አገር የፀረ ተባይ መድኃኒት የመጣበት ጀሪካን ታጥቦ ለውኃ ሲውል ይታያል። ይህ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ መታጠብ አያወጣውም፥ ውኃውን ማፍላትም አያጠፋውም። እንዲህ ያለው ዕቃ ለሌላ ሰው እንዳያገለግል ይበሳ። እንዲሁም ላምባና በረኪና በውኃ ጠርሙስ አይቀመጡ። ልጅ ላምባ ቢጠጣ እንዲያስመልስ ማድረግ ሳንባውን ስለሚጐዳ፥ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

ረ. ትንኝ። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ሰው በበርሜል ያጠራቅማል። ባልተከደነ በርሜል ውስጥ ደግሞ ቀን ቀን የምትናከሰው የደንጊና የቺኩንጉንያ ትንኝ ትራባለች። በ2018 በከሰላ ቺኩንጉንያ፥ በ2013 በድሬዳዋ ደንጊ ብዙ ሕዝብ አስተኝተዋል። የትንኟ ዕንቍላል ደርቆም ስለሚቈይ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። በየሳምንቱ የበርሜሉን ውስጠኛ ግድግዳ ፈግፍጎ ማጠብና መክደን ያስፈልጋል።

ሰ. እጅና ሕመም። ከሽንት ቤት መልስና ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከታጣ አመድ ያገለግላል። የውኃ መሰለ ተቅማጥ የያዘው ሰው የሚሞተው ከአካሉ ውኃና ጨው ስለሚያልቅ ነው፤ ኮሌራም ሲበረታ በጥቂት ሰዓታት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ኦ አር ኤስ የሚባለው ቅመም እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በየጊዜው ማጠጣትና በሽተኛውን ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ጨውን ማብዛት አደገኛ ነው። «ያስቀምጠዋል» ብሎ ውኃ መከልከል ግን ሰውን መግደል ነው። ሕፃን ከሆነ ጡት መጥባቱ አይቋረጥበት። በጊዜ ሕክምና ካገኙ የኮሌራ ሕሙማን ከመቶ አንዱ እንኳ አይሞትም።

6. የሹማምንት ድርሻ

ነዋሪው ይህን ሁሉ ሲያደርግ የአስተዳደሩ ድርሻ ቀላል አይሆንም። ድሀ ቤተ ሰብ በየቀኑ ውኃ የሚያፈላበት ማገዶ የለውም፤ በሽታን በሰፊው የሚከላከለው የከተማው ውኃ በሚገባ ሲጠበቅ ነው። ስለዚህ የውኃ ሠራተኞች ተራፊውን ክሎሪን በማጣሪያው ደጅ ብቻ ሳይሆን በመጨረሻው ባንቧና በጥቂት ቤቶች ጀሪካን ውስጥም ይለኩ። መለኪያው ቀላል ነው። ትንሽ እንክብል በውኃው ናሙና ውስጥ ሲሟሟ የቀለሙ ሮዝነት የክሎሪኑን መጠን ይናገራል። ቀለም ካልታየ ዘበኛው ከስፍራው የለም። ልኬቱም በመዝገብ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ልኬት ለሚመጣው ሠራተኛ አይተርፍም።

ውኃ ሲቋረጥና ሲመለስ ሕዝቡ ይነገረው። ባንቧ ሲጠገን ጭቃው ታጥቦ፥ በክሎሪንም ተጠርጎ ይለቀቅ። አዲስ መስመር በፍሳሽ ቦይ ውስጥ አይቀበር። የአህያ ጋሪ ውኃ ነጋዴዎችን ማባረር ባንቧ የሌላቸውን ሰዎች መጥማት ነው። ይልቅስ በሚሞሉበት ቦታ ቆሞ በርሜላቸውን ማስጠረግና ክሎሪን መጨመር የሚችል ሠራተኛ ይመደብ። በኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ የውኃ ዕቃውንም እንዲያዩ ማድረግ ይጠቅማል።

ከሁሉም በላይ በሽታው በገባ ጊዜ በስሙ ይጠራ። በ2016ና በ2017 በሁለቱም አገሮች «አጣዳፊ ተቅማጥ» በሚል ስም ሲነገር ሕዝቡ ነገሩን ቀላል አድርጎ የሚመለከትበት ምክንያት ያገኝ ነበር። ነጋዴው ገበያው እንዳይዘጋበት፥ ሹሙም ስሙ እንዳይጠፋበት መፍራቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሐምቡርግ ንግዷን ለማዳን ብላ ዝም ባለች ጊዜ ንግዷንም ሕዝቧንም አጣች። የመተማና የጋላባት የጤና ሠራተኞችም የአንዱን ከተማ ሕመም ለሌላው በዚያው ቀን ቢያስታውቁ ድልድዩ ለሰላም ያገለግላል።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያውያን በ1918 የደረሰውን የኅዳር በሽታ በማሰብ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ግቢያቸውንና ደጃቸውን ይጠርጋሉ። መልካም መታሰቢያ ነው። የውኃ ጥንቃቄ ግን በዓመት አንድ ቀን የሚከበር ሳይሆን እንስራው በተሞላ ቍጥር የሚደገም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ማታ ማታ እነዚህን ጥያቄዎች ለራሱ ያቅርብ። ዛሬ የተቀዳው ውኃ ተቋርጦ የመጣ ነበርን? ተፈልቷልን ወይስ ክሎሪን ገብቶበታልን? የተቀመጠበት ዕቃ ተከድኗልን? በቀደመው ጊዜ ምን ተይዞበት ነበር? ልጆች የሚቀዱት በጭልፋ ነው ወይስ በእጃቸው? ሹሙም በበኩሉ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ። ዛሬ በከተማዬ መጨረሻ ባለው ባንቧ ላይ ክሎሪኑ ስንት ነበረ?

ለጥያቄዎቹ መልስ የሌለው ቤትም ሆነ ቢሮ ሥራውን ነገ በዚያ ይጀምር። የከተማ ውኃ ንጽሕና የሚመረመረው ሰው አንሥቶ በሚጠጣው ኩባያ ላይ ነውና።